ስለ ሤራ የሚያወሩ መጻሕፍት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በከተማችን በአማኑኤል፣ መጽሐፍ ለመዋስ ወደ ቤቴ የሚመጡ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። ስለ ግብረ ገብ የተጻፈውን ሳሳያቸው ሽፋኑን ገለጥ አድርገው ይመልሱልኛል። የሚጠይቁኝ ሤራ ያለበትን ነው፤ ማን ማንን እንደ ገደለ፣ ማን ከማን ጋር በጨለማ እንደ ተማከረ፣ መንግሥት እንዴት እንደ ተገለበጠ የሚናገረውን ማለት ነው። እኔም በዚህ አልፈርድባቸውም፤ የተሰወረውን ለማወቅ መመኘት ከሰው ተፈጥሮ ነውና። ያገራችን ታሪክ ከሤራ የጸዳ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገኝም ታሪክ ያላነበበ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያሉ መጻሕፍት እንደ ሌሎቹ ዝም ብለው የሚነበቡ አይደሉም። ስለዚህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር የታዘብሁትን ለወጣት አንባቢዎቼ ልጽፍ አሰብሁ።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። በዚያ ቤት በመጽሐፍ ላይ መጻፍ የሚያስቀጣ ጥፋት ሲሆን፣ እርሳቸው ግን በእርሳስ ሁለት ቃል ብቻ እንድንጽፍ ይፈቅዱልን ነበር፤ ይኸውም «ማን ነገረው?» የሚል ነው። ጸሐፊው «ንጉሡ በልባቸው እንዲህ ብለው አሰቡ» ሲል ካገኘነው፣ በገጹ ዳር «ማን ነገረው?» ብለን እንጽፋለን። «ሁለቱ መኳንንት በሩን ዘግተው እንዲህ ተባባሉ» ካለም እንዲሁ ነው፤ በሩ ከተዘጋ ጸሐፊው በየት ገብቶ ሰማ? ያን ጊዜ የልጅ ጨዋታ ይመስለን ነበርና አንዳንዶቻችን በየመስመሩ እየጻፍን መጽሐፉን አበላሸነው።

ልብ ወለድን ግን በዚህ ጥያቄ ማስጨነቅ አይገባም። ደራሲው የፈጠራቸውን ሰዎች ልብ ያውቃል፤ ካላወቀማ ምን ደራሲ ነው? ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ያነበበ ሰው ይህን ያስተውላል። ኢያጎ የዴዝዴሞናን መሐረብ አግኝቶ በሌላ ሰው ክፍል ሲጥለው እኛ እናውቃለን፤ ተንኰሉንም ገና ሲጠነስሰው ከራሱ አፍ ሰምተናል። ምስኪኑ ኦቴሎ ግን የሚያየው መሐረቡን ብቻ ነው። ስለዚህ «አንተ ሞኝ፣ እንዴት አይገባህም!» እያልን እንበሳጫለን። እኛን ብልህ ያደረገን ደራሲው እንደ ሆነ ግን እንረሳዋለን። ደራሲው ባይነግረን ኖሮ እኛም የያዝነው መሐረቡን ብቻ ነበር።

ማሞ ውድነህ ስለ ሰላዮች የጻፏቸውና የተረጐሟቸው መጻሕፍትም በወጣትነታችን ጠርዛቸው እስኪላቀቅ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወሩ ነበር። እኔም ሌሊት በኩራዝ አንብቤአቸዋለሁ፤ አልጸጸትም። ልጆች ንባብ እንዲወዱ ያደረጉትን ያህል እኛ አስተማሪዎች ማድረጋችንን እጠራጠራለሁ። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ አንድ ጠባይ አለው። በአሥረኛው ገጽ የወደቀ ቁልፍ በሁለት መቶኛው ገጽ የሆነ በር ሳይከፍት አይቀርም። በኑሮ ግን ብዙ ቁልፍ ይወድቃል፤ አብዛኛውም የሚወድቀው ኪስ ስለ ተቀደደ ነው። እንዲህ ያለውን ብቻ ሲያነብ ያደገ ሰው ታሪክን ሲከፍት ቁልፉ ሁሉ በር እንዲኖረው ይፈልጋል፤ ባያገኝም ራሱ በር ይሠራለታል።

ወደ ታሪክ ስንመጣ እንግዲህ ነገሩ ይከብዳል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል፣ መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሻሩ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኰንንም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልጅ ኢያሱ ያን ቀን በሐረርጌ ነበሩ። ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠው ሰልመዋል የሚል ነበር። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ሜዳ ተሸንፈው ተማረኩ፤ በዚያ ሜዳ የወደቀው ወገን ከወገኑ ጋር የተፋጀ ሠራዊት ነው።

ይህን ነገር ማወቅ የሚሻ ወጣት በአማርኛ ሦስት መጻሕፍት ያገኛል፤ ሦስቱንም አከታትሎ እንዲያነብ እመክረዋለሁ። አንደኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ መጻፍ የጀመሩት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ነው፤ ይህ በነገሩ ያሸነፉት ሰው ቃል ነው። ሁለተኛው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የሕይወቴ ታሪክ» ነው፤ እርሳቸው በነገሩ ውስጥ እጃቸውን ያስገቡ ሰው ነበሩ፤ መጽሐፉም የታተመው ጸሐፊው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሦስተኛው የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ትዝታ ሲሆን፣ ከሦስቱ እኔን የሚያስደስተኝ ይህ ነው። ምክንያቱን ብጠየቅ ገና በርእሱ ላይ «ካየሁትና ከሰማሁት» ይላልና ነው። ያየውን ካየሁት፣ የሰማውን ከሰማሁት ብሎ የሚለይ ጸሐፊ ግማሹን ሥራችንን ሠርቶልናል።

ሦስቱን ጐን ለጐን አድርጎ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ነገር አለ። በ1909 ዓ.ም. ሁለት ሤራዎች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ አንዱ የተወራው፣ አንዱም የተሠራው። የተወራው ልጅ ኢያሱ አገሪቱን ሊያሰልሙ ተማከሩ የሚለው ነው። ከእስላም ባላባቶች ጋር መወዳጀታቸው፣ በጋብቻም መተሳሰራቸው እውነት ነው፤ በዚያን ጊዜ በነበረው በታላቁ ጦርነትም ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ማዘንበላቸው የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይንና የኢጣሊያን መልእክተኞች አስቆጥቷል። ሰልመዋል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ግን እንዳልተገኘ የኋላ ዘመን የታሪክ ሊቃውንት ጽፈዋል። የተሠራው ሤራ ደግሞ እርሳቸውን ለማውረድ የተደረገው ምክር ነው፤ እርሱ ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ የተሰበሰቡት ሰዎች ስም አለው፣ የተነበበ አዋጅ አለው። ይህን ስል ማውረዳቸው ይገባ ነበር ወይም አይገባም ነበር ብዬ መፍረዴ አይደለም። ያ ሌላ ክርክር ነው፤ በእኔ ቤትም ብዙ ጊዜ እራት አስረስቶናል።

ታሪኩ ወደ እኛ ወደ ጎጃም የሚመጣው በ1924 ዓ.ም. ነው። ልጅ ኢያሱ ከታሰሩበት ከፍቼ አምልጠው እንደ ገና ተያዙ። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በማምለጡ ነገር እጃቸው አለበት ተብለው ተከሰሱ፤ ሞት ተፈርዶባቸው ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠ፤ ሀብታቸውም ተወረሰ፤ ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠ። በልጅነቴ ይህን በየድግሱ ሲያወሩት እሰማ ነበር። አንዱ ሽማግሌ «ገንዘቡንም ሰዉንም የላኩ እርሳቸው ናቸው» ሲል፣ ሌላው «ሀብታቸውን የተመኘ የፈጠረው ነገር ነው» ይላል። ሁለቱም ከአልጋው ሥር ተኝተው የሰሙ ይመስል ነበር። አንድ ቀን «እርስዎስ ማን ነገረዎ?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ሚሲዮን ያበላሸው ልጅ» ተብዬ ከአዳራሹ ወጣሁ። ስለ ደጃዝማች በላይ ዘለቀማ ባላነሣ ይሻላል፤ በጥር 1937 ዓ.ም. ያ ጀግና አርበኛ በአዲስ አበባ በስቅላት መሞቱን ያለ ሤራ የሚተርክ ሰው በጎጃም እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ኀዘን ሲበረታ ተጠያቂ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ጊዜ ተጠያቂው በእርግጥ አለ፤ አንዳንድ ጊዜም የተጠረጠረው ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል።

አባቶቻችን ሌባ የሚያወጡበት ሁለት ዓይነት ዘዴ ነበራቸው። አንዱ ሌባሻይ ነው። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡትና ወገቡን አስረው ይለቁታል፤ ልጁ ሲሮጥ፣ ሲንገዳገድ ቆይቶ ከወደቀበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው። ያገሩ ሰው ሁሉ ከሜዳ ተሰብስቦ፣ ሥራ ፈትቶ፣ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። አድካሚ ነው፤ የእርሻ ቀን ያባክናል፤ ቂመኛም ሊዋሽበት ይችላል። ቢሆንም ሰው ይጠየቅበታል። ሌባሻይ በኋላ በመንግሥት ተከለከለ። ከመጻሕፍት መካከል ግን ገና ያልተከለከለ ይመስለኛል፤ ጸሐፊው ሰክሮ ሲሮጥ ቆይቶ ከአንድ ሕዝብ ወይም ከአንድ ቤተ ሰብ ደጅ ይወድቃል፤ አንባቢውም ዕዳውን ከዚያ ቤት ሊቀበል ይነሣል።

በሹክሹክታ የሚወራው ሁሉ ሐሰት ነው እያልሁ እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሕመም ምክንያት ማረፋቸውን አስነገረ። ሕዝቡ ግን «ገደሏቸው እንጂ» እያለ በየጓዳው ያንሾካሹክ ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ ወጣት ነበርሁና ሰምቻለሁ። ወሬው ወሬ ሆኖ ብዙ ዓመት ቆየ። በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከወለል በታች ተቈፍሮ ወጣ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ፤ ግድያቸውም በደርግ ባለ ሥልጣኖች ላይ ከቀረበው ክስ ውስጥ ገብቶ፣ ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ናቸው አለ። እንግዲህ የጓዳው ወሬ እውነት ነበር። እውነትነቱን ያሳወቀው ግን ብዙ ሰው ማውራቱ ሳይሆን አካፋና ምስክር ነው።

አካፋው ያልደረሰበትም አለ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተሙ፤ መጽሐፉ ራሱ ስለ ስለላና ስለ ሤራ የሚተርክ ሲሆን፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም፤ መኪናቸው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ቆማ ተገኘች። መንግሥት ነው ያጠፋቸው ብሎ ያልጠረጠረ የለም፤ ጥርጣሬውም ምክንያት አለው። ማን እንደ ያዛቸው፣ የት እንደ ወደቁ በዝርዝር የሚያወራ ሰው ሲያጋጥማችሁ ግን ያችን የእርሳስ ጥያቄ አትርሷት። ለቤተ ሰባቸው የተረፈው ባዶ ቦታ ነው፤ ያን ባዶ ቦታ በፈጠራ መሙላት ለሟቹ ክብር አይደለም።

ከሁሉ የከፋው፣ መጽሐፉ ራሱ ሤራ ሲሆን ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1903 በሩስያ ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ፤ በኋላም «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» ተብሎ ዓለምን ዞረ። አይሁድ ዓለምን ሊገዙ በምሥጢር የተማከሩበት ቃለ ጉባኤ ነው ተባለ። በ1921 የሎንዶኑ «ታይምስ» ጋዜጣ፣ ብዙው ክፍል ሞሪስ ዦሊ የተባለ ፈረንሳዊ በ1864 ናፖሌዎን ሦስተኛን ለመንቀፍ ከጻፈው መጽሐፍ የተሰረቀ መሆኑን ጐን ለጐን አትሞ አሳየ። በዦሊ መጽሐፍ ውስጥ የአይሁድ ነገር ጨርሶ የለም። ሐሰቱ በአደባባይ ከታየ በኋላ ግን ናዚዎች ይህንኑ ጽሑፍ አሰራጩት፤ ፍጻሜውም ስድስት ሚሊዮን ሰው ማለቁ ነው። አንድ ተማሪ «ሐሰት መሆኑ ከታወቀ ለምን አመኑት?» ብሎ ጠየቀኝ። ማመን የፈለጉት ከማንበባቸው በፊት ነበር አልሁት።

ይህ የሩቅ አገር ነገር እንዳይመስላችሁ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. እዚሁ በጎጃም፣ በሜጫ በአዲስ ዓለም፣ ለጤና ጥናት የመጡ ሁለት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች «ሕፃናትን ሊመርዙ ነው» በተባለ ወሬ በሕዝብ ተደብድበው ሞቱ። የተመረዘ ሕፃን አልነበረም። ያን ሰሞን ወሬው እኛም ከተማ ገባ። ጐረቤቴ የሆነች አንዲት እናት የሕፃንዋ የክትባት ቀን ደርሶ ሳለ «ጋሼ፣ አልወስደውም፤ መርፌው ውስጥ ሌላ ነገር አለበት ይላሉ» አለችኝ። «ማን ነገረሽ ልጄ?» አልኋት። ጠላ የምትሸጥ ወዳጅዋን ጠራችልኝ። አብረን ሄድን። ወዳጅዋ ከእኅቷ ሰማሁ አለች፤ እኅቲቱ ዘንድ ሄድን፤ እርሷም ከገበያ ከአንዲት ሴት ሰማሁ አለች፤ ሴትዮዋ ደግሞ ከአውቶቡስ ከወረደ ከማላውቀው መንገደኛ ነው የሰማሁት አለች። እዚያ ላይ መንገዱ ተቈረጠ። ጐረቤቴ ዝም ብላ ወደ ቤትዋ ገባች፤ በማግስቱም ልጁን አልወሰደችውም።

ሐሙስ ዕለት በማለዳ ደጄን አንኳኳች፤ ልጁን አዝላለች። «አብረውኝ ይሂዱ» አለችኝ፤ ሄድሁ። በጤና ጣቢያው ተራችን እስኪደርስ ብዙ ቆየን። ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ ጐረቤቴ ጠርሙሱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ ማንበብ አትችልምና ወደ እኔ አቀበለችኝ፤ ያለበትን ጽሑፍ አንብቤ ነገርኋት። ከዚያም የልጁን ክንድ ገለጠችላቸው።