አትሩጡ በሚባልበት አገር

ከአደሌድ ወደ ሰሜን 850 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያውም የስድስትና የአራት ዓመት ልጆች ከኋላ አስቀምጦ መንዳት ጨዋታ አይደለም፡፡ ፖርት ኦገስታን ካለፍን በኋላ «ደረስን?» የሚለውን ጥያቄ መቁጠሩን ተውነው፡፡ አገሩ ቀይ አፈርና ጠጠር ነው፤ ወደ ኩበር ፒዲ ሲጠጉ ግን ግራ ቀኙ በነጫጭ የአፈር ክምር ይሞላል፡፡ ኩይሳ ይመስላል፡፡ ከየክምሩ አጠገብ የኦፓል ጉድጓድ አለ፤ አፉ አንድ ሜትር ቢሆን ነው፣ ጥልቀቱ ግን 30 ሜትር ሊደርስ ይችላል፡፡

በመንገዱ ዳር ሰሌዳ ተተክሏል፤ ሰው ተዘቅዝቆ ሲወድቅ ሥዕል አለበት፡፡ አትሩጡ፤ የኋሊት አትራመዱ ይላል፡፡ (የኋሊቱ ለፎቶ አንሺዎች መሆኑ ነው፡፡) እንግዲህ ልጅን ለሽርሽር አምጥቶ «አትሩጥ!» እያሉ መዋል ምን እንደሆነ የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልወለዳችሁም ትደርሱበታላችሁ፡፡ አንዳንድ እጅ ተከፋፍለን ይዘን ዋልን፡፡

የመጀመሪያውን ሌሊት ውጪ አደርን፡፡ መሬቱ ድንጋይ ነውና ካስማው ሁሉ ተጣመመ፤ የሐምሌ ብርድ ደግሞ አጥንት ይሰብራል፡፡ በማግስቱ ከመሬት በታች ወደተፈለፈለ የመስፈሪያ ቦታ ወረድን፡፡ ድንኳን ዋሻ ውስጥ! እዚያ ካስማም አያሻም፣ ነፋስም የለ፡፡ በጋ ላይ ውጪው ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እንኳ ውስጡ ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ የከተማው ሰው ግማሹ ቤቱን ከመሬት በታች ያደረገው ወዶ አይደለም፡፡

መብራቱ ሲጠፋ ትልቋ «ማነው የቆፈረው?» አለች፡፡ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1915 ዊሊ ሃቺሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ፣ ከአባቱ ጋር ከመጡ ወርቅ ፈላጊዎች ጋር ሰፍሮ ሳለ፣ ውሃ ፍለጋ ወጥቶ ኦፓል ይዞ ተመለሰ፡፡ ከሰፈር እንዳትርቅ ተብሎ ነበር ይባላል፡፡ ይኸችኛዋን ለልጆቻችን አልነገርናትም፡፡ የከተማዋ ስም በነባሮቹ ቋንቋ «የነጭ ሰው ጉድጓድ» እንደ ማለት መሆኑን ግን ነገርናቸው፡፡ የአንታኪሪንጃ ማቱ-ያንኩንጃጃራ ሕዝብ የመሬት መብቱ በፍርድ ቤት የታወቀለት በ2011 ነው፤ ከ90 ዓመት በላይ ከተቆፈረ በኋላ፡፡ «ታዲያ ለምን አልደፈኑትም?» አለች፡፡ እኛም እንጃ አልን፡፡

ሰርቦች ከመሬት በታች ወደፈለፈሉት የቅዱስ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ትንሹ በቀን መቁጠሪያ ላይ ያየውን ላሊበላን ጠራ፡፡ እኛ ግን ግድግዳው ላይ የማሽን ጥርስ የተወውን መስመር ስናይ ቆየን፡፡ እዚህ ማሽን ይቆፍራል፡፡

ከአፈሩ ክምር መልቀም ለሕዝብ የተፈቀደበት ቦታ አለ፡፡ ልጆቹ ግማሽ ቀን አንበርክከውን ዋሉ፤ ያገኘነው ቀለም የሌለው አንድ ፍንካች ነው፤ ትንሹ ካልሲው ውስጥ ደበቀው፡፡ ከዚያ አንድ ሱቅ ገባን፡፡ ባለሱቁ ከየት እንደሆንን ሲሰማ «ወሎ!» ብሎ ጮኸ፡፡ የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል አለን፤ ሲነከር ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፡፡ እውነቱን ነው፡፡

ይኸ ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታ፣ ወገልጤና አጠገብ የተገኘው ነው፡፡ እዚያ ጉድጓዱ ወደ ታች አይወርድም፤ ወጣቱ ገደሉን በዶማ ወደ ጎን እየበሳ ይገባል፤ ተደርምሶ ሰው ያስቀረበት ጊዜም አለ፡፡ ከሁለታችን የአንዳችን የአክስት ልጅ ከሚቆፍሩት አንዱ ነው፡፡ ሱቁ ውስጥ ዋጋውን አይተን ዝም ተባባልን፤ እሱ በጥሬው ስንት እንደሸጠልን ነግሮን ነበር፡፡

«አጎታችሁ የሚያወጣው እንዲህ ያለውን ነው» አልናቸው፡፡

ትልቋ ትንሽ አሰበችና «እዚያስ አትሩጡ የሚል ሰሌዳ አለ?» አለች፡፡

ገደል አፋፍ ላይ ማን ይሮጣል ብለን ልናስቃት ሞከርን፤ አልሳቀችም፡፡ ማታ ዋሻችን ውስጥ ትንሹ ፍንካቹን ከካልሲው አውጥቶ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመረና እስኪጠጣ ድረስ በባትሪ እያበራ ጠበቀ፡፡ አልጠጣም፡፡