ሳሩን ማን ይክደነው?

ለአዲስ አበባ ልጅ ሽርሽር ማለት ሶደሬና ላንጋኖ ነው። «መቅደላ ልሄድ ነው» ስል ጓደኞቼ «ምን ልታደርግ? ድንጋይ ልትቆጥር?» ብለው ሳቁብኝ። እውነትም ድንጋይ ሞልቷል። ግን ምን ዓይነት ድንጋይ!

ከአዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። የመንገዱን ሰላም ደሴ ላይ ጠይቃችሁ፣ በኩታበር አድርጋችሁ ወደ አጅባርና ተንታ ትዘልቃላችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ነገር ነው። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ደግሞ ሽቅብ! ተረከዝ ጫማና ነጭ ሱሪ ቤት ይቅሩ። ሹራብ ግን ያዙ፤ አምባው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል።

ላይ ስትደርሱ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ያስጎተቱት ሴባስቶፖል መድፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ቸርችል ጎዳና ላይ የምናውቀው አምሳያውን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ያለው ሳይሆን የሌለው ነው። ንጉሡ ከየአድባራቱ መጻሕፍት ሰብስበው ያኖሩለት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን እዚሁ ነበረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሞቱ። የናፒየር ጦር ዕቃ ቤቱን ዘረፈ፤ ከ4 ቀን በኋላ አምባውን አቃጠለ፤ ቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ነደደ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት እንግሊዝ አገር ገቡ፤ ዛሬም ለንደን ናቸው።

ስንመለስ አንድ ቄስ «ግቡ፣ የእግዜር እንግዶች» አሉን። ቤታቸው ክብ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሳር። ውስጡ በጭስ ጠቁሯል። ከመደቡ በላይ ዳዊታቸው በማኅደሩ ተንጠልጥሏል። አባታቸውም አያታቸውም ቄስ ነበሩ፤ የኖሩትም እዚሁ ነው።

«ዘንድሮ ቆርቆሮ ላለብሰው ነው» አሉ።

«ኧረ አባ! እንዲህ ያለ ቤት እንዴት ይነካል?»

ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ አንተ ፎቶህን አንስተህ ትሄዳለህ። ክረምት ሲያፈስ የምበሰብሰው እኔ ነኝ። ሳሩ እንደ ድሮው አይገኝ፤ ከዳኙም አርጅቷል።»

እስኪ ለዚህ ምን ይመለሳል?

ፈረንሳይ አገር የአንዲት መንደር ቄስ የኖሩበት አሮጌ ቤት እንደ ቤተ መንግሥት በቅርስነት ሊመዘገብ ይችላል። ሕጉ ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከተመዘገበ ባለቤቱ እንዳሻው አያፈርሰውም፤ መንግሥት ደግሞ ለጥገናው ገንዘብ ሊያግዝ ይችላል። ቁም ነገሩ ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ነው። «አትንካ» ብቻውን ጣራ አይሆንም! እኛም የቅርስ አዋጅ አለን፤ ቁጥር 209/1992። ግን አዋጅ ሳር አያጭድም።

የንጉሡ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ሲመለስ ሁላችንም ደስ አለን። የሄደው ይመለስ ማለት ተገቢ ነው። የቀረው ግን ወታደርም እሳትም ሳይነካው፣ በዝናብ ብቻ እያለቀ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። መቅደላም ሂዱ ሌላ ገጠር፣ አሮጌ ቤት ስታዩ «እንዳይነካ» ከማለታችሁ በፊት «ምን ጎደለ?» በሉ። አምስት ጓደኛሞች የአንድ ቅዳሜ ማታ ወጪያችሁን ብታዋጡ ለሳርና ለከዳኝ ይረዳል። ባለቤቱ ቆርቆሮ ከመረጡም አትፍረዱባቸው፤ ግድግዳው እንዲቆም፣ ታሪኩ እንዲጻፍ እርዷቸው። ጎጆው እንዲቆይ የምንፈልገው እኛ ከሆንን፣ የሳሩን ሒሳብ ለእሳቸው ብቻ አንተው።