ሲያባብሉት ዝም ይላል?

ይህን ላስታ ተመልሼ ባወራው ማን ያምነኛል? የምኖረው ቦስተን ነው፤ በዚህ አገር፣ በአሜሪካ፣ ሥራቸው ሕፃን ማቀፍ ብቻ የሆነ በጎ ፈቃደኞች ያሏቸው ሆስፒታሎች አሉ። ዘመድ ያልሆነ ሰው ቀጠሮ ይዞ ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ የማያውቀውን ጨቅላ እሹሩሩ ሲል ያመሻል።

እናትየውስ የት ሄዳ ነው? መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። ከአሸተን ተራራ ሥር ባሉ ቤቶቻችን አራስ ብቻዋን አትተውም። ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይገባል፤ ክርስትናው እስኪደርስ፣ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን፣ እናትና ልጅ ከአንድ መደብ አይለያዩም።

ከሚታቀፉት ሕፃናት የአንዳንዶቹ ችግር ኦፒዮይድ ከሚሉት የመጣ ነው፤ ሞርፊንን፣ ሄሮይንንና ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎችን የሚያጠቃልል ስም ነው። እናት በእርግዝናዋ ስትወስደው የጽንሱም ሰውነት ይለምደዋል። ሲወለድ ድንገት ይቋረጥበትና ይንቀጠቀጣል፣ ጡት መያዝ ያቅተዋል፣ ያለ ፋታ ያለቅሳል። ለዓመታት ነርሶች ምልክቶቹን እየቆጠሩ ነጥብ ይሰጡ ነበር፤ ነጥቡ ከፍ ሲል ለሕፃኑ ሞርፊን ይሰጠው ነበር። አሁን ብዙ ቦታ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ይጠባል? ይተኛል? ሲያባብሉት ዝም ይላል? መድኃኒቱ በቅድሚያ እቅፍ፣ ጡትና ጸጥ ያለ ደብዛዛ ክፍል ነው። ይህማ የእኛው አራስ ቤት ነው! ይህ አያያዝ በ26 ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ጥናት፣ ሕፃናቱ ከሆስፒታል ለመውጣት የሚደርሱበት ጊዜ በአማካይ ከ14.9 ወደ 8.2 ቀን ወርዷል።

ግን እናትየው አጠገቡ መኖር አለባት፤ ያንገበገበኝም እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም እናት እኩል አትታይም። በፍሎሪዳ ፒኔላስ አውራጃ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት ነፍሰ ጡሮችን መርምሮ ዕፅ ወይም አልኮል ያገኘው ከነጮቹ በ15.4፣ ከጥቁሮቹ በ14.1 በመቶው ላይ ነበር። ጥቁሮቹ ለመንግሥት የተጠቆሙበት መጠን ግን ከነጮቹ 10 እጥፍ ያህል ነበር! እዚሁ ማሳቹሴትስም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ከሱሱ የሚያሳርፈውን ሜታዶን ወይም ቡፕሬኖርፊን በእርግዝና ጊዜ የማግኘት ዕድላቸው የጥቁሮቹ ከነጮቹ ያነሰ ነበር። ሕክምናውን የተነፈገች፣ ልጄን ይወስዱብኛል ብላ የምትሰጋ እናት እንዴት ተረጋግታ ታጥባ?

የላሊበላ ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» እየተባለ ያድጋል። እዚህ የሆስፒታሉ ቅጽ የሚጠይቀው ዘሩን ነው፤ የእኛም ልጆች የሚመዘገቡት «ጥቁር» ከሚለው ሥር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሌላ ሰው አይደለም።

በአሜሪካ ሆስፒታሎች የምትሠሩ ያገሬ ልጆች፣ እንዲህ ያለች እናት ስትገጥማችሁ ወንበሯን ከሕፃኑ አልጋ አጠገብ አድርጉላት። ሕክምናዋንም እንዳታቋርጥ አበርቷት።