«ያንስብኛል እንዴ?»

ይህቺን ጽሑፍ ለመጻፍ ስቀመጥ መጀመሪያ ያደረግኩት የክፍሌን በር መቆለፍ ነው። ቀጥዬ የኮምፒውተሩን ፊት ከመስኮቱ አዞርኩ። ታናሽ ወንድሜ «ጡት» የሚል ቃል ስጽፍ ቢያገኘኝ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያው ነኝ። «ጋዜጠኛ አይፈራም፣ አያፍርም» እየተባልኩ ተምሬ የተመረቅኩት እኔ በባለ ሁለት ፊደል ቃል ተሸነፍኩ ማለት ነው።

አይገርማችሁም ግን? ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ልጇ ሲያለቅስባት ጡቷን አውጥታ ታጠባለች። ወያላው እንኳ ልብ ሳይላት «ሂሳብ» ብሎ ያልፋል። ቃሉን ግን ሰው በተሰበሰበበት አንሱትና እዩ፤ ግማሹ ያስላል፣ ግማሹ ስልኩን መነካካት ይጀምራል። ቋንቋችን ደግሞ በጡት የተሞላ ነው። ውለታ የማያውቅ ሰው «ጡት ነካሽ» ይባላል። ልጇ ያስከፋት እናት «ያጠባሁህ ጡቴ ይፋረድህ» ትላለች። ጡቱ የልጅ ሲሆን ሁላችንም እናወራለን፤ የሴትየዋ የራሷ ሲሆን ነው ጸጥ የምንለው።

እናላችሁ፣ ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ለእረፍት መጣች። አንድ ቅዳሜ ለልጆቹ ጫማ ልንገዛ መርካቶ ወርደን፣ ጡት ማስያዣ ከዳር እስከ ዳር የተሰቀለበት ሱቅ በር ላይ ቆም አለች። ሻጩ ጎረምሳ ነው። «እህት፣ ቁጥር ስንት ልስጥሽ?» አላት ያለምንም እፍረት።

«ሠላሳ ስድስት ሲ» አለችው። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ነበር» ብላ ጨመረች።

ሳትገዛ ሄድን። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አልጋዬ ላይ መጥታ ተቀመጠችና «ላሠራው ነው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጡቴን ነዋ! ማንሻውን። ገንዘቡን አጠራቅሜያለሁ፤ ጥር ላይ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያስፈራኝ… ያንስብኛል እንዴ? ይቺው ካነሰች ምን ሊተርፈኝ ነው? አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? እስኪ አጣሪልኝ።»

እሺ አልኳት። ልትወጣ ስትል በሩ ጋ ዞር ብላ «አንቺ ግን ስትወልጂ እንዳታጠቢ። እኔን አይተሽ ተማሪ» አለችኝ። የአራት ዓመት ልጇ እስከዛሬ እጁን ደረቷ ላይ ካላሳረፈ እንቅልፍ አይወስደውም። እና ይህን ከእሷ አፍ መስማት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከበደኝ። እሷ የጠየቀችኝ ስለ መጠን ነበር። እኔ ግን ሁለት ጥያቄ ይዤ አደርኩ።

መጀመሪያ የእሷን ጥያቄ እንመልስ። ጡት የሚያነሳው ቀዶ ሕክምና በሐኪሞቹ አጠራር «ማስቶፔክሲ» ይባላል። በዋናነት የሚቆረጠው የላላው ቆዳ ነው። ውስጥ ያለው የወተት እጢና ስብ በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ሐኪሙ የተረፈውን ቆዳ ይቀንሳል፣ የጡቱን ጫፍ ከደም ሥሩና ከነርቩ ጋር እንደተያያዘ ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ወደ ታች የወረደውን ሥጋ ሰብስቦ ቅርጽ ያስይዝና ይሰፋዋል። የሚወጣው ቆዳ በክብደት ይህን ያህል አይደለም። ስለዚህ መልሱ፦ ይዘቱ ብዙም አይለወጥም፤ የሚለወጠው ቦታውና ቅርጹ ነው።

ይህን ለእህቴ ሳስረዳ ለካ እማዬ ቡና እየቆላች ጆሮዋን ጥላብን ኖሯል። ይቆጣሉ ብለን ስንሸማቀቅ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እንዲህ ነዋ! ግማሽ ድረስ እህል ያለበትን ጆንያ አፉን ወደ ታች አውርደሽ ብታስሪው ያጥራል፣ ይወጠራል እንጂ እህሉ አይጎድልም።» እኔ አንድ ሳምንት ያነበብኩትን እሷ መቁያውን ሳታስቀምጥ ጨረሰችው።

ግን ምሳሌው ሌላም ነገር ይዟል። እህሉ እንደማይጎድል ሁሉ አይጨምርምም። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ የወተት እጢው ያድጋል፤ ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ ይኮማተራል፤ የተለጠጠው ቆዳ ግን እንደ በፊቱ አይመለስም። ላይኛው ክፍል ባዶ የሚመስለው ለዚህ ነው። ማንሻው ያለውን ሥጋ ከፍ አድርጎ ስለሚሰበስበው አንዳንዷ ሴት ሞላ ያለ ይመስላታል፣ ሌላዋ ደግሞ ያነሰባት ይመስላታል። የሄደውን ግን አይተካም። መጠን የምትፈልግ ሴት ሲሊኮን ወይም ከሌላ የሰውነቷ ክፍል የሚወሰድ ስብ ይጨመርላታል፤ ሲሊኮን ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ አይደለም፤ አንድ ቀን መውጣት ወይም መቀየር ሊመጣ ይችላል። ጡቷ ከብዶ ጀርባና አንገቷን የሚያሳምማት ሴት በበኩሏ የሚያስፈልጋት መቀነሻው ነው፤ እሱ ሥጋውን ራሱን ያወጣል። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ልዩነቱ ኪስም ይነካል፦ ማንሻውን ኢንሹራንስ እንደ ውበት ሥራ ቆጥሮ ባብዛኛው አይከፍልበትም፤ መቀነሻው ግን የጤና ችግር መሆኑ ከታየ ሊሸፈን ይችላል።

«ታዲያ ተሠርተው ቁጥራቸው ወረደ የሚሉት ሴቶች ውሸታቸውን ነው?» አለች እህቴ። ውሸታቸውን አይደለም። እዚህ ላይ ነው የልብስ ሰፊ ሜትር ያመጣሁት። የጡት ማስያዣ ቁጥሩ ከጡት ሥር ያለው የደረት ዙሪያ ነው። ፊደሉ ደግሞ ጎልቶ በሚታየው ቦታ ከሚለካው ዙሪያ ጋር ያለው ልዩነት ነው፦ በአሜሪካኖቹ አለካክ አንድ ኢንች ኤ፣ ሁለት ኢንች ቢ፣ ሦስት ኢንች ሲ እያለ ይሄዳል። ፊደሉ የሚለካው ዙሪያን እንጂ ውስጥ ያለውን ይዘት አይደለም። የተበተነው ሥጋ ተሰብስቦ ሲጠብቅ ሜትሩ ሌላ ቁጥር ሊያነብ፣ አንዳንዷም አንድ ፊደል ልትወርድ ትችላለች። ያም ሆኖ የጎደለ ነገር ላይኖር ይችላል።

እህቴን ለካኋት። ከሥር 34 ኢንች፣ ከላይ 37። ሠላሳ አራት ሲ! «አሁንም ሲ ነኝ!» ብላ ልትዘል ነበር። ግን እውነቱን ነገርኳት፤ ሠላሳ አራት ሲ ከሠላሳ ስድስት ሲ ያነሰ ነው የሚይዘው። ፊደሉ አንድ ሆኖ ይዘቱ ይለያያል። ለዓመታት የማይሆናትን ቁጥር እየለበሰች መስታወት ፊት ራሷን ስትወቅስ ኖራለች።

የመውደቁም ልክ አንድ ዓይነት አይደለም። ከፈረንጆቹ 1976 ጀምሮ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት «የሬኞ ደረጃ» የሚባል መለኪያ አለ። የጡቱ ጫፍ ከጡት ሥር ካለው እጥፋት አንጻር የት እንዳለ ነው የሚያየው። እጥፋቱ አካባቢ ከሆነ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ከእሱ በታች ከሆነ ሁለተኛ፤ ጨርሶ ወደ መሬት ካየ ሦስተኛ። ብዙ በወረደ ቁጥር ስፌቱ ይረዝማል፦ በጥቁሩ ክብ ዙሪያ ብቻ፣ ወይም ከክቡ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ተጨምሮበት፣ ወይም ከሥርም አግድም ተቆርጦ የመርከብ መልህቅ የመሰለ። ጠባሳው ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ጠባሳ አብጦ የሚያድግበት ኬሎይድ የሚባለው ነገር በብዛት ይታያል፤ በቤተሰብ ያለባት ሴት ቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

ሌላም አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡቱ ስለሚያብጥ ትልቅና ከፍ ያለ ይመስላል። እብጠቱ ሲወርድ «አነሰብኝ!» ብለው የሚደነግጡ አሉ። እውነተኛው ቅርጽ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ያ ቅርጽም ዘላለማዊ አይደለም። ክብደት መጨመርና መቀነስ፣ ዕድሜና እርግዝና ዳግም ያወርዱታል። የጡት ጫፍ ስሜት ሊቀንስ ይችላል፤ በኋላ ማጥባት የሚችሉ ብዙ ቢሆኑም ለሁሉም ዋስትና የለም።

አሁን ወደ እኔ ጥያቄ ልምጣ። ማጥባት ነው ያወረደው? በፈረንጆቹ 2008 ብራያን ሪንከር የተባለ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት አለ። 93 ሴቶች ታዩ። ለጡት መውደቅ ምክንያት ሆነው የተገኙት ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የእርግዝና ብዛት፣ ከእርግዝና በፊት የነበረ ትልቅ ጡትና ሲጋራ ማጨስ ናቸው። ማጥባት በራሱ ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። 93 ሴት ብዙ አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን ያጠባች ሁሉ እንደ ማስረጃ ከምትጠቅሰው «እኔን እዪኝ» የተሻለ ነው።

ይህን ስነግራት እህቴ ምንም አልመለሰችም። እማዬ ግን «ስድስት አጥብቻለሁ፤ አንዳችሁንም ከስሼ አላውቅም» አለችና ሁለተኛውን ቡና ቀዳች። ሳቅን። እኔ ግን የእህቴን ዓይን አየሁ፤ የሳቀ አይመስልም ነበር።

እዚህ ላይ ከእማዬ ጋር አልስማማም። እማዬ ስላልከሰሰች እህቴም እንደሷ ትሁን ማለት አይደለም። እናት ሆኖ ልጅን መውደድና መስታወት ፊት ቆሞ ማዘን አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። «ለማን ብለሽ ነው?» የሚለውን ጥያቄ እኔም ጠይቄያት ነበር፤ አሁን አፍርበታለሁ። «ለእኔ» ነበር ያለችኝ። ጥርሷን ያሳሰረችን ልጅ ማንም «ለማን ብለሽ?» ብሎ አይጠይቃትም። እኔ የምፈራው ቀዶ ሕክምናውን አይደለም። የምፈራው አንዲት ሴት ያልተነገራትን ነገር ጠብቃ ቢላ ሥር እንዳትገባ ነው።

ጥር ላይ ደወለች። ሐኪሙ ጋ ጥያቄዎቿን በወረቀት ጽፋ ነበር የገባችው፦ የእኔ ደረጃ ስንተኛ ነው? ከሥጋው ያወጣሉ ወይስ ቆዳውን ብቻ? ጠባሳው የትኛው ዓይነት ይሆናል? ሁሉንም መለሰላትና በተራው አንድ ጥያቄ ጠየቃት፦ «ሌላ ልጅ ታስቢያለሽ?»

ዝም አለች። ሦስተኛ ልጅ እሷና ባሏ ከጀመሩት ቆይተዋል፤ የሐሳቡን ማለቴ ነው! ሐኪሙ «እንግዲያው ከወለድሽ በኋላ ብንገናኝ ይሻላል» አላት። ገንዘቧ ባንክ ተቀምጧል፤ ሐሳቧንም አልተወችም። እኔም ተይው አላልኳትም።

ስልኩን ልንዘጋ ስንል «ስማ…» አለች። ስትደነግጥ ሴቱንም ወንዱንም ስማ ነው የምትለው። «ያን ማታ ስለ ማጥባት ያልኩሽን ተይው እሺ? የተናገርኩት ተናድጄ ነው።»

እሺ አልኳት። በዚያው ቅዳሜ መርካቶ ወርጄ ያንን ጎረምሳ አገኘሁትና ሠላሳ አራት ሲ ገዝቼ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁላት። ቁጥሩን ስነግረው ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። በሩን ቆልፌ መጻፌ ግን… እሱን ቀስ በቀስ እንተወዋለን።

ቸር ሰንብቱ!