«ሲስተም የለም» የማይባልበት ቢሮ

የወረባቦ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ቢስቲማ ያለ፣ ስምንት ወይም አሥር ሠራተኞች ያሉት አንድ ጽሕፈት ቤት ኔትወርክ ልዘርጋ ሲል፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሳው የኢንተርኔቱ ፍጥነት ነው። ስንት ሜጋ ይሁን? በወር ስንት ይከፈላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። በእኛ አካባቢ የአነስተኛ ቢሮ ኔትወርክ መታቀድ ያለበት ኢንተርኔት የለም፣ መብራትም ይጠፋል ተብሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ኢንተርኔት ሲኖር ሥራው ይፍጠን፤ ሲጠፋ ግን ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ መመለስ የለበትም።

በጥቅምት 2014 የአካባቢያችን ከተሞች ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ሲያዙ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም በአብዛኛው የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የኢንተርኔት መዘጋት ከአንድ ክፍል ወደ ጎረቤት ክፍል የሚሄድን ፋይል የሚያግድበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለውም። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ስዊች ላይ እስከተሰኩ ድረስ የቴሌ መስመር ኖረም አልኖረም ይነጋገራሉ። በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች ለውስጥ አገልግሎት የተተዉ ስለሆኑ የማንም ፈቃድ አይጠየቅባቸውም። እንደ አገር የጀመርነው ግን ከውስጡ ሳይሆን ከውጭው ግንኙነት ነው። በ1990ዎቹ የተዘረጋው ወረዳ ኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን በሳተላይት ከክልልና ከፌዴራል ያገናኘ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን በቪዲዮ ስብሰባው ነው። ወረዳን ከአዲስ አበባ ማገናኘት ግዥ ክፍሉን ከፋይናንስ አያገናኝም። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ለባለጉዳዩ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ ከወረቀት ይጀምር። ክፍሎቹ ይሳሉ፤ ማን ከማን ፋይል እንደሚቀባበል፣ የትኛው ፕሪንተር ለማን እንደሆነ ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ሳይሆን ሁለት መስመር ይሳብ፤ ግድግዳ አንዴ ከተነካ በኋላ ተጨማሪው ኬብል ርካሽ ነው፣ ዳግም መቆፈር ግን ውድ ነው። የመዳብ ኬብል ከስዊቹ እስከ ኮምፒውተሩ 100 ሜትር ድረስ ስለሚያገለግል አንድ ፎቅ ያለው ቤት በዚህ አይቸገርም። ሰርቨር የሚባለውም የግድ ውድ ማሽን አይደለም፤ ለአሥር ሰው ሁለት ሃርድ ዲስክ ያለው ደህና ዴስክቶፕ ይበቃል። ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታ መብራት ነው። ትንሽ ስዊችና ራውተር የሚፈልጉት ኃይል ከአንድ የቀድሞ አምፖል ያንሳል፤ መጠነኛ ዩፒኤስ ረዘም ላለ ጊዜ ያቆያቸዋል። ሰርቨሩም በዩፒኤስ ላይ ከሆነና ሠራተኞቹ ላፕቶፕ ካላቸው መብራት ቢጠፋም ቢሮው ሥራ ላይ ነው። የመሬት ሽቦው ደግሞ በባለሙያ ይታይ፤ በክረምት መብረቅ ስዊች ሲያቃጥል የሚቆመው ቢሮው በሙሉ ነው።

«ፍላሽ እያለ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን?» የሚሉ አሉ። ፍላሽ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ቫይረስ ያዞራል። ከዚያ የሚብሰው ግን የአንድ ደብዳቤ አራት ዓይነት ቅጂ አራት ሰው ጋ መቀመጡ ነው፤ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ማንም አያውቅም። «ዋይፋይ አይበቃም ወይ?» ለስልክና ለእንግዳ ይበቃል። የሒሳብ ፋይል ግን በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ለሚደክም፣ የይለፍ ቃሉም ለመንደሩ ሁሉ ለሚታወቅ ሞገድ አይተውም። ሁሉም ነገር ወደ ክላውድ እየሄደ ነው የሚለው ክርክር ግን ክብደት አለው። በጦርነቱ ጊዜ በርካታ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተራቸውም መዝገባቸውም ተዘርፏል፤ ቢሮው ውስጥ ብቻ ያለ መረጃ ከቢሮው ጋር ይጠፋል። በአካባቢው ሌላ ከተማ ባክአፕ ማስቀመጥም ብዙ አይረዳም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለቱም የተያዙት በአንድ ሰሞን ነበር። ስለዚህ ኢንተርኔት ባለ ጊዜ የተመሰጠረ ቅጂ ወደ ሩቅ ቦታ ይላክ፣ አንድ ቅጂም በሃርድ ዲስክ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። ክላውዱ የመጠባበቂያ ቦታ ይሁን እንጂ የዕለት ሥራው በእሱ ላይ አይንጠልጠል።

በሐምሌ በጀት ሲከፈት የኮምፒውተር ጨረታ የምታዘጋጁ የግዥና የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ በሰነዱ ላይ የኮምፒውተር ቁጥር ብቻ አትጻፉ። የክፍሎቹን ንድፍ አያይዙ፣ በየኬብሉ ጫፍ ምልክት እንዲለጠፍ ጠይቁ፣ ሥራውን ከመረከባችሁ በፊትም የኢንተርኔቱን መስመር ነቅላችሁ፣ ዋናውን የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍታችሁ ፈትኑት። ያን ጊዜ ከአንዱ ክፍል ፋይል ተከፍቶ በሌላው ክፍል ካልታየ አትፈርሙ።