ለአንድ ዛፍ ብቻ ቦታ ካላችሁ

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ዛፍ ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ቶሎ ያድጋል ወይ? ያምራል ወይ? ከችግኝ ጣቢያ ተጭኖ የሚመጣው የፈረንጅ ጽድ፣ ዘንባባ፣ ግራቪሊያና ቦትል ብራሽ የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ገንዘቡንና መሬቱን የሚያወጣው ሰው ደስ ሊለው ይገባል። ግን ሦስተኛ ጥያቄ ጎድሏል፦ በዚህ ዛፍ ላይ ማን ያድራል፣ ከእሱስ ማን ይበላል? ይህን ሦስተኛውን ከምር የጠየቀ ሰው ምርጫው ይለወጣል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ በደጋና በወይና ደጋ፣ ለአንድ ዛፍ ብቻ የሚበቃ ቦታ ባለው ግቢ ውስጥ ለወፎችም ለነፍሳትም ሲባል መተከል ያለበት የአገራችን ወይራ ነው።

ወይራ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ጭሱን ነው። የወተት ዕቃ ይታጠንበታል፣ የጠላ ጋን ይታጠንበታል፣ ቀንበጡ መፋቂያ ይሆናል። ፍሬውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ትንሽና ሥጋው ስስ ስለሆነ ሰው አይጓጓለትም። በሳይንሱ አመዳደብ ከዘይት ወይራው ጋር አንድ ዝርያ ቢሆንም፣ የእኛው ፍሬ ለመጭመቂያ አይመችም። ለወፍ ግን ልኩ ነው፤ ሳትነክስ ሙሉውን ትውጠዋለች፣ ዘሩን ሌላ ቦታ ሄዳ ትጥለዋለች። በደጋ ደኖቻችን የምትኖረው ባለቢጫ ምንቃሯ ትልቅ ርግብ በእንግሊዝኛ ስሟ ሳይቀር ከወይራ ጋር የተያያዘ ነው። አረንጓዴ ገላው ላይ ደማቅ ቀይ ክንፍ የሚዘረጋው ነጭ ጉንጭ ቱራኮም ፍሬ በል ነው፤ ትልልቅ ዛፍ ባላቸው የአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ዛሬም ይታያል። ዛፎቹ ሲቆረጡ እሱም ይሄዳል።

ወፎች ይህን ፍሬ ምን ያህል እንደሚወዱት የሚያሳየው ጠንካራው ማስረጃ የሚገኘው፣ የሚገርመው፣ ከአገራችን ውጭ ነው። ይኸው ወይራ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አውስትራሊያ ተወስዶ በሲድኒ አካባቢ ተተከለ። የዚያ አገር ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየጫካው ስለበተኑት ዛሬ የአካባቢውን ተክል የሚያፍን አስቸጋሪ አረም ሆኗል። እዚህ የደን ምሰሶ የሆነው ዛፍ እዚያ ወራሪ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ወፎች ወይራን ባዩበት ሁሉ እንደሚመገቡት ነው። ሁለተኛው አንድ ዛፍ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው በራሱ ሳይሆን ከቆመበት ቦታ ጋር ባለው ዝምድና መሆኑ ነው። በትግራይ ከከብት ንክኪ በተከለሉ ተራሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የወይራ ቡቃያ ከገላጣው ሜዳ ይልቅ በቁጥቋጦ ሥር እንደሚበረክት አሳይተዋል። ወፏ ቁጥቋጦው ላይ ታርፋለች፣ ዘሩን ትጥላለች፣ ጥላው ቡቃያውን ከፀሐይ፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ከፍየል ይጋርደዋል። ተራራውን መልሶ በማልበሱ ሥራ ወፏ ድርሻ አላት ማለት ነው።

ፍሬው ግን የታሪኩ ግማሽ ነው፤ በእኔ ግምት ትንሹ ግማሽ። ትልቁ ነፍሳቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1914 ጣሊያናዊው የነፍሳት ሊቅ ፊሊፖ ሲልቬስትሪ ወደ ኤርትራ የተጓዘው የአገሩን የወይራ እርሻ የሚያጠፋውን የወይራ ዝንብ ጠላቶች ፍለጋ ነበር። ዝንቡ በአፍሪካ የዱር ወይራ ፍሬ ውስጥ አለ፤ ግን እዚህ ብቻውን አይደለም፤ በእጩ ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ደቃቅ ተርቦች ይቆጣጠሩታል። ከዘጠና ዓመት ግድም በኋላ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎችም ለዚሁ ጉዳይ ከኬንያና ከደቡብ አፍሪካ የዱር ወይራ ተርቦች ሰብስበው ወስደዋል። የዱር ወይራ ብቻውን የቆመ ግንድ ሳይሆን በረጅም ዘመን የተገመደ የበይና የተበይ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ደግሞ ወፎች ጋ ይደርሳል። ጥሬ ለቃሚዋ ወፍም ሆነች የአበባ ወለላ የምትመጠው፣ ጫጩቶቿን በአብዛኛው የምትመግበው ትልና ነፍሳት ነው። እርግቦችና ዋኔዎች ከጉሮሯቸው በሚያመነጩት ወተት መሰል ምግብ ስለሚያሳድጉ ከዚህ ውጭ ናቸው።

ይህ ነገር በቁጥር የተፈተነው ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደዚሬ ናራንጎና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ቺካዲ የምትባል ትንሽ ወፍ በመኖሪያ ግቢዎች ውስጥ እንዴት እንደምትራባ ተከታተለ። የአገሬው ተክል ድርሻ ከ70 በመቶ በታች በሆነባቸው ግቢዎች ወፏ ቁጥሯን የሚተካ ያህል ጫጩት ማሳደግ አልቻለችም። ምክንያቱ የአባጨጓሬ እጥረት ነው፤ መጤው ዛፍ ለምለም ቢሆንም ቅጠሉን መብላት የሚችል የአገሬው ነፍሳት ጥቂት ነው። አሜሪካ አሜሪካ ነው፣ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እንጦጦ ማምጣት አይቻልም። ምክንያቱ ግን ለየትኛውም አገር ይሠራል።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹም እውነት አላቸው። ቦትል ብራሹ ላይ ወለላ የምትመጥ ወፍ ስትርመሰመስ ያየ ሰው መጤ ዛፍ ዋጋ የለውም ቢሉት አያምንም፣ ልክም ነው። በእንግሊዝ የንጉሣዊው የአትክልት ማኅበር በዊዝሊ ያካሄደው ሙከራ መጤ አበባዎችም ነፍሳትን እንደሚመግቡ፣ በተለይ የአበባውን ወቅት እንደሚያራዝሙ አሳይቷል። ስለዚህ ያለውን ንቀሉ አልልም። ነገር ግን ወለላው የሚያጠግበው እናቲቱን ነው፤ ጫጩቱ ትል ይፈልጋል። የወይራም ድክመት አለ። አበባው በአብዛኛው በነፋስ የሚራባ ነው፤ ንብ ጽጌ ብናኝ ብትወስድለትም በወለላ የታወቀ ዛፍ አይደለም። ለዚህ መድኃኒቱ ከጎኑ ግራዋ መትከል ነው፤ ግራዋ ለንብ የታወቀ ቀለብ ነው፣ ብዙ ቦታም አይፈጅም።

ከባዱ ተቃውሞ ዝግመቱ ነው። አዎ፣ ወይራ በዝግታ ያድጋል፣ ባሕር ዛፍን የለመደ ዓይን ይሰለቻል። ግን ዝግመቱ ለጠባብ ግቢ ጥቅም ነው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ መብራት ገመድ ላይ አይወጣም፣ መቆረጥንም ይችላል፣ አጥር አድርጎ መከርከምም ይቻላል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ስለማያራግፍ ገና ቁጥቋጦ ሳለ እንኳ ወፍ ከሐምሌ በረዶና ከኅዳር ሌሊት ብርድ ትሸሸግበታለች። ይህን ለማግኘት ዛፉ እስኪያረጅ መጠበቅ አያስፈልግም። መኪና ያቆሽሻል ለሚሉ መልሱ ከመኪናው ራቅ አድርጎ መትከል ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም።

አንድ ዛፍ ምን ይለውጣል የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ ለዓመታት የደከሙት፣ የደጋው አገር በቀል ዛፍና በእሱ ላይ የሚኖረው ፍጥረት በእርሻ መሬት መካከል በተበታተኑ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ስለቀረ ነው። አዲስ አበባም ከዚህ አትለይም፤ የአገሬው ጽድና ወይራ ጎልቶ የሚታየው በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ነው። በአንዱ ደብርና በሌላው መካከል ያሉት ግቢዎች ወፍ የምታርፍበትና የምትበላበት ነገር ካላቸው ደሴቶቹ ይገናኛሉ፤ ከሌላቸው ይለያያሉ። የአንድ ግቢ ዛፍ ብቻውን ደን አይሆንም። ከደን ወደ ደን የምትሄደው ወፍ ግን በመንገዷ ላይ የምትፈልገው እሱን ነው።

የወይራ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ በቤት ማፍላት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቅርፊቱን በጥንቃቄ መስበር ይረዳል፣ ችግኙን መግዛት ግን ይቀላል። እንግዲህ ክረምቱ ሊገባ ሲል ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ ከፊት የተደረደረውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። «ወይራ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለንም ቢሏችሁ ለሚቀጥለው ክረምት እንዲያፈሉላችሁ እዘዙ፤ ችግኝ አፍይ የሚያፈላው የሚጠየቀውን ነው።