ጠላ አለ ወይ?

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ምግብ ቤቶች፣ ባለቤቶቻቸው ልዩ ልዩ ቢሆኑም እንኳ፣ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ወንበሩ ያው የላስቲክ ወንበር ነው፤ ጥብሱ ያው ጥብስ፣ ሽሮውም ያው ሽሮ ነው። በውጭ አገር አንድ ባለጸጋ ኩባንያ በአንድ ስምና በአንድ ዓይነት ምግብ በመቶ ከተማ ምግብ ቤት ይከፍታል። እኛ ዘንድ ግን ኩባንያው ሳይኖር ምግብ ቤቶቹ በገዛ ፈቃዳቸው አንድ ዓይነት ሆነዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያመሳስላቸው መጠጡ ነው። አስተናጋጇ መጥታ «የሚጠጣስ ምን ይምጣልዎ?» ስትል የምትጠብቀው መልስ የፋብሪካ ስም ነው።

እኔ በደባርቅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝ። ወንደላጤ በመሆኔም ምሳዬን የምበላው በሆቴል ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሩቅ ሆኜ የማወራ አይምሰላችሁ። በጠረጴዛው ላይ ከሚቆሙት ጠርሙሶች አንዱ ዳሸን ይባላል፤ ራስ ዳሸን ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታይ የአገራችን ታላቅ ተራራ ነው። ሌላው ጠርሙስ ዋልያ ይባላል፤ ዋልያም ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም በየትም ቦታ የማይኖር እንስሳ ነው። እንግዲህ በጠረጴዛችን ላይ ተራራውም አለ፣ የተራራው እንስሳም አለ። የሌለው የተራራው ሰው የሚጠጣው ነው።

ፋብሪካዎቹን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠመቅ የኖረ ነው። የጎንደሩ ዳሸንም በ1992 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ሰው እንጀራ በልቶበታል። ቀዝቃዛ ቢራም አልጠላም። ነገር ግን ዓይነቱ ሁሉ የስንዴ እንጀራ ብቻ የሆነ ማዕድ ጤፍ በሚበቅልበት አገር ቢቀርብ አይገርምምን?

በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ያለው ገበሬ ከጠላ ሌላ ኮረፌ የሚባል መጠጥ አለው። ሸዋ ወይም ወለጋ ያደገ አንባቢዬ ምናልባት ስሙንም አልሰማው ይሆናል። ደጋው የገብስ አገር ነውና ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከገብስ ነው። ገብሱ ተፈትጎ በውሃ ውስጥ ያድርና ይቆላል፤ ከዚያም ይፈጫል። ከጌሾ ቅጠል ጋር በሸክላ ዕቃ ተደፍድፎም አንዳንድ ጊዜ ወር፣ ሁለት ወር ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ፣ ወይም ለነገ ደቦ ሲጠራ፣ ከድፍድፉ የሚበቃውን ያህል ተዘግኖ ውሃ ይጨመርበትና አድሮ ይጠጣል። ወፈር ያለ ነው፤ ጥማትን ብቻ ሳይሆን ረኃብንም ያስታግሣል። አረፋው ከዋንጫው አፍ ላይ ተነሥቶ አፍንጫ ይነካል። ስሙን ያገኘው ከዚሁ አረፋ ይመስለኛል። ከኩርፊያ ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም፤ ኮረፌ ቀምሶ ያኮረፈ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ጠላውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ጠጥቶት እንጂ ሲሠራ ልብ ብሎ አይቶት አይመስለኝም። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾውና ብቅሉ ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል፤ ቀጥሎ ቂጣው ይጋገርና ተቆራርሶ ይገባል። እንኩሮው ተነኩሮ ይጨመርና ይደፈደፋል። በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ አፉ ይታሸጋል። በክፍል ውስጥ ስለ መፍላት ሳስተምር ከመጽሐፉ ይልቅ ይህን ብናገር ተማሪዎቼ ቶሎ ይገባቸዋል። ገብስ ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይም የሚባሉት ይፈጠራሉ፤ እነዚህም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። እርሾው ስኳሩን ወስዶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ አረፋ የምንለው የዚሁ ጋዝ ሥራ ነው። ፈረንጅ ለምሬቱ ሆፕ ሲጨምር የኛ እናቶች ጌሾ ይጨምራሉ። ኬሚስቶችም ከጌሾ ውስጥ ምሬት የሚሰጠውን ነገር ለይተው፣ ስሙንም ከተክሉ ወስደው፣ ጌሾይዲን ብለውታል። የአልኮሉ መጠን በተራ ጠላ ከመቶ 2 እስከ 4 ያህል ሲሆን፣ የጠርሙሱ ቢራ ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 በላይ ነው። (ዕድሜው 21 ዓመት ያልሞላ አንባቢ ይህን ሁሉ እንደ ኬሚስትሪ ትምህርት ብቻ ይቍጠረው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መጠጥ እንዳይሸጥለት ከልክሎአልና።)

አንድ ቀን ምሳ ከበላሁ በኋላ አስተናጋጇን «ጠላ አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። የቀለድኩ መስሎአት ሣቀች። ሣቋ ስላላቆመ የሆቴሉ ባለቤት ራሳቸው መጡ። ቀና ሰው ናቸውና ተቀምጠው አስረዱኝ። ቢራ በሣጥን ይመጣል፤ በሣጥን ይቈጠራል፤ ያልተሸጠው ለሚቀጥለው ወር ይቀመጣል። ጠላ ግን ሳምንት ያህል ቆይቶ መኮምጠጥ ይጀምራል፤ በገበያ ቀን ጠጪው ከቀረ ኪሳራው የባለቤቱ ነው። ውሃውስ ከየት ተቀዳ ብሎ የጤና ተቈጣጣሪ ቢጠይቅ ማን ይመልስለታል? ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም አልተከራከርኋቸውም። መጨረሻ ላይ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞስ መምህር፣ እንግዳው ምን ይለኛል? ሆቴል ብዬ ከፍቼ ጠላ ቤት ሆነ አይለኝም?» አሉኝ።

ከምክንያቶቹ ሁሉ የከበደኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የመቆየቱ ነገር ቢሆን ዘዴ አይጠፋለትም፤ ቅዳሜን ለይቶ አንድ እንስራ ብቻ መግዛት ይቻላል። የውሃውም ነገር በማፍላትና በንጹሕ ዕቃ ይቃናል። እፍረት ግን በሣጥን ተጭኖ አይመለስም።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1971 አራት ሰዎች፣ ታላላቆቹ ፋብሪካዎች በየመጠጥ ቤቱ አንድ ዓይነት ቢራ ብቻ አስገብተው በበርሜል ውስጥ የሚበስለውን የቀድሞውን ቢራ አጠፉብን ብለው ማኅበር አቋቋሙ። ሰው ሣቀባቸው፤ ዳሩ ግን ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ቢራውም አለ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1978 ሰው በቤቱ ለራሱ ቢራ እንዲጠምቅ የሚፈቅድ ሕግ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ በጓሮ የተጀመረው ጠመቃ አድጎ ዛሬ በዚያ አገር ከ9000 በላይ ቢራ ጠማቂዎች ይገኛሉ፤ ከነዚህም የሚበዙት ትንንሾች ናቸው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዚያው በ1978 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በአገሩ በእጅ የተጠመቀ ቢራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ የሚዞረው ፈረንጅ ዋልያውን ለማየት ደባርቅ ይመጣል፤ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ ማታም የፋብሪካ ቢራ ጠጥቶ ይተኛል። ከሆቴሉ ጓሮ ማዶ ኮረፌው ይኮረፋል። ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የእንግዳው እግር አጥሮአል፤ ሆኖም የሚመጣውም ቢሆን የሚነግረው የለም።

ታዲያ ፈላጊ ምን ያድርግ? የኔን ልማድ ልንገራችሁ። ምሳውን በሆቴል እበላለሁ፤ ሂሳብ ስከፍል አስተናጋጇን «አንቺ በበዓል ቀን ከማን ቤት ነው የምታስመጪው?» እላታለሁ። «ጥሩ ጠላ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የአክስቷ ቤት ነው። ጠያቂ ከሌለ ደግሞ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ መፈለግ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስታወቂያ የለም። ከገቡ በኋላ መቼ እንደ ተደፈደፈ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ጠላ በመጀመሪያ የወይራው ጭስ፣ ቀጥሎ ገብሱ፣ በመጨረሻ የጌሾው ምሬት ይሰማል። ኮምጣጣነቱ ከቀደመ ቀኑ አልፎበታል። ጭሱ ብቻ ከተሰማ ባለቤቲቱ የምትሸፍነው ነገር አለ ማለት ነው። ጕሹን ከመንገድ በፊት አትጠጡ፤ ሊማሊሞን ለመውረድ ያሰበ ሰው በተለይ አይሞክረው። በዳባት አንድ ምግብ ቤት ጥብስ ላዘዘ ሰው ልጅ ልከው ከጎረቤት በማንቆርቆሪያ ያስመጣሉ፤ የማንንም ክብር ሲቀንስ አላየሁም።

እኔ ወደ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት እሄዳለሁ። እትዬ እላቸዋለሁ፤ እርሳቸው ልጄ ይሉኛል። ሴት ልጃቸውን በክፍሌ አስተምራለሁ። በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ተማሪዎች የወላጆቻቸውን ሥራ በቅጽ ሲሞሉ ይህች ልጅ በእናቷ ስም አንጻር «የቤት እመቤት» ብላ ጻፈች። ደብተሯን፣ ጫማዋንና የቤት ኪራያቸውን የሚከፍለው ያ ጋን ነው። የጻፈችውን አልሰረዝኩም፤ ለማንም አልተናገርኩም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት የመፍላት ትምህርት ላይ ብቅል የሚያበቅልላችሁ ማን ነው ብዬ ስጠይቅ እጇን ሳታወጣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ላይ ጣለች። ከሌሎቹም አንድ እጅ አልወጣም። ጠላ የማይጠመቅበት ቤት ያለ ይመስል!

እትዬ ስለ ጌሾ ዋጋ፣ ስለ እንጨት መወደድ ብዙ ይናገራሉ። በፊት በሳምንት ሁለት ጋን የሚያወጡት አሁን አንድ ብቻ ነው፤ ኮረፌውንም የሚያዘጋጁት ለታዘዘ ሠርግና ተዝካር ሆኖአል። እጃቸው ግን አልተለወጠም፤ እንኩሮውን ከምጣድ የሚያነሡት ሰዓት አይተው ሳይሆን በሽታው ነው። ይህን ሽታ ለይቶ ማወቅ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠየቅኋቸው። «እናቴ ቤት ዐሥር ዓመት ሳነኩር ኖርኩ» አሉኝ።

«ታዲያ ለልጅዎ ለምን አያስተምሯትም?»

«ምን ልታደርግበት፣ ልጄ? እሷ ቢሮ ትገባለች።»

ቢሮ የገቡትን እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ከነዚያው ናቸው። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ጠርሙስ ደርድረን እንቀመጣለን፤ ወሩ አጋማሽ ላይ በሻይ እንመለሳለን። ባለፈው ወር አንዱን፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነውን፣ ይዤው ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ሲደርስ ሰው ያየኝ እንደ ሆነ ብሎ ወደ ኋላው ዞር ዞር አለ። ሁለተኛውን ጣሳ ሲጨርስ፣ ቅዳሜ ለሆቴሉ ባለቤት አንድ እንስራ ብናስመጣስ፣ ሂሳቡን እኛ ብንዋስስ የሚል ሐሳብ ያመጣው እርሱ ነው። እትዬ ሰምተው ዝም አሉ፤ ቀጥለው ግን ሆቴሉ በጣሳ ነው ወይስ በብርጭቆ የሚሸጠው ብለው ጠየቁ።